ጎጆው ጭሱን ካጣ

«የባህል ምግብ ቤትንና ሎጅን በሰው ሠራሽ ሣር መክደን ባህልን ማርከስ ነው» የሚለውን ጽሑፍ አነበብሁት። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ክርክሩ ግን ጎጆን በቅርጹ ብቻ የሚያውቅ ሰው ክርክር ነው። የሣር ክዳን ዕድሜ የሚያገኘው ከሰንበሌጡ ብቻ አይደለም። ከታች ምድጃ አለ፤ ጭሱ ሣሩን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያርቃል፣ ውስጡን በጥቀርሻ ያጠቁረዋል። ሲያረጅም ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ይጠግነዋል። መቶ ሰው የሚስተናገድበት አዳራሽ ግን ጭስም ደቦም የለው፤ ያለው በጣሪያው ሥር የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ካምፓላ የሚገኘው የካሱቢ የነገሥታት መቃብር በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በመጋቢት 2010 ዋናው የሣር ቤት በአንድ ምሽት ነደደ። ክብሩ ከእሳት አላዳነውም።

ስለ ሰው ሠራሹ ሣር «ፕላስቲክም ይነድዳል» መባሉ እውነት ነው። እንዲያውም ያልታከመ ፖሊኤትሊን እየቀለጠ፣ እየነደደ በሰው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ርካሹን ገዝቶ መገላገል አይቻልም። መጠየቅ ያለበት እሳት መከላከያው ከጥሬ ዕቃው ጋር ተቀላቅሏል ወይስ ከላይ ብቻ ተረጭቷል የሚለው ነው፤ የተረጨውን የክረምት ዝናብ እያጠበ ይወስደዋል። ፀሐይም አለች፦ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው አዲስ አበባ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ማረጋጊያ የሌለው ሰው ሠራሽ ቅጠል ይገረጣል፣ ተሰባብሮም ግቢው ውስጥ ይረግፋል። ባለሆቴሎች ሆይ፣ የእሳት ፍተሻውን ውጤትና የዋስትናውን ዘመን በጽሑፍ ሳትቀበሉ ውል አትፈርሙ።