ደረቁ ወንዝ

ዛሬ አንድ ጉዟችንን እናወጋችኋለን።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነበር። እኛ ባልና ሚስት ለሶለል በዓል ወደ ራያ ቆቦ ዘመድ ጥየቃ ሄድን። ከወልድያ በአውቶቡስ ተነሣን። ጎብዬንና ሮቢትን አልፈን ቆቦ ገባን። በስተግራ ደጋው፣ በስተቀኝ የዞብል ተራራ ይታያል። መካከሉ ሜዳ ነው፤ ማሽላ ለብሷል።

ከቆቦ ወዲያ መንገዱ በእግር ነው። አንድ ደረቅ ወንዝ ደረስን። አሸዋ ብቻ ነው። ሰማዩም ጥርት ብሏል። ልንሻገር ስንል አንድ አባት ከማዶ ጮኹ።

«ልጆች፣ ቁሙ! ደጋው ጠቁሯል!»

ቆምን። ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ገብተን ቢሆን ኖሮ ይወስደን ነበር። እስኪጎድል ጠበቅንና መሽቶ ደረስን።

ዘመዶቻችን እንዲህ አሉን፦ «ዝናቡ ደጋ ይዘንባል። ጎርፉ በጎሊና፣ በሆርማት አድርጎ ወደኛ ይወርዳል። በቦይ ጠልፈን ማሽላ እናጠጣበታለን። ያልጠበቀውን ሰው ግን ይበላል።»

በማግስቱ የልጃገረዶቹን ጨዋታ በደስታ አየን።

በክረምት ደረቅ ወንዝ ስትሻገሩ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አትዩ። የደጋውንም እዩ። ጎርፍ ከመጣ ጠብቁ። ዘግይቶ መድረስ አያሳፍርም።