ሞተሩን ንዱት፣ ሄልሜቱን ግን ክንዳችሁ ላይ አታንጠልጥሉት



«ዶክተር፣ አፓቼ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። ከሐኪም የሚጠበቀው መልስ ይታወቃል፦ «ይቅርብህ!» እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እንደ ሸዋሮቢት ባለ የቆላ ከተማ ሞተር ሥራም ነው፣ መዝናኛም ነው። «ይቅርብህ» የሚለውን ምክር ማንም አይሰማውም፤ ያልተሰማ ምክር ደግሞ ማንንም አያድንም። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ንዱ፣ ግን በደንብ መንዳትን ተማሩ።

እውነቱን እንነጋገርና መንገዱ ያጓጓል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ከደብረ ብርሃን ብትነሡ፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትሆናላችሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ፣ ጉሙን እየቀደዳችሁ፣ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትቀበላችኋለች። ከዚያ ማሽላው፣ ማንጎው፣ የሽንኩርቱ ማሳ ይከተላል፤ እሑድ ከሆነ ደግሞ የሰንበቴ ገበያ አለላችሁ።

ሰውነታችሁ ግን ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከላይ እስከ ታች አሥር ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ላይ ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ታች ደግሞ ላብ ውሃችሁን ይወስደዋል፤ ራስ ምታት ይመጣል፣ ትኩረት ይቀንሳል። ስለዚህ ላይ ጓንት አድርጉ፣ ታች ውሃ ጠጡ። ጆሯችሁ ከተደፈነ ምራቅ ዋጥ ዋጥ አድርጉ።

ስለ አነዳዱ ሦስት ነገር ልበል።

1. ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ሙሉውን መንገድ ፍሬን ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

2. ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከመገባቱ በፊት ነው። ኩርባው ውስጥ ዓይናችሁ መውጫውን ይይ እንጂ ገደሉን አይይ። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል።

3. የፊት ፍሬን ከኋላው ይበልጥ ያቆማል። «ይገለብጣል» ብላችሁ አትተዉት፤ ሁለቱንም ቀስ እያላችሁ ጨምቁ። አሸዋና እርጥብ አስፋልት ላይ ግን በድንገት አትያዙት።

እኔን ግን ከጣርማበር ገደል ይልቅ የሚያስፈራኝ ከሸዋሮቢት ወደ አጣዬ ያለው ለጥ ያለው መንገድ ነው። ገደሉን ሁሉም ይፈራዋል፣ ስለዚህ ይጠነቀቃል። ሜዳው ላይ ግን ጋዝ ይሰጣል፤ ግመልና ከብት የሚያቋርጠው፣ ባጃጅ ድንገት የሚታጠፈው፣ ሕፃን የሚሮጠው ደግሞ እዚያው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ ገና «ወይኔ!» ሳትሉ ማለት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ሲመሽ ደግሞ ግመል መብራት የለውም።

አሁን ወደ ሄልሜቱ። «ይሞቃል» ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ይሞቃል። ግን እ.ኤ.አ. በ1935 እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎውረንስ ያለ ሄልሜት ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፣ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ ጉዳዩን መመርመር ጀመረ፤ በ1941 ያሳተመው ጥናትም ለሄልሜት መስፋፋት ትልቅ ድርሻ አለው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይሄ ግን የአገጩ ማሰሪያ ሲታሰር ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚያድነው ክርንን ነው! ከኋላ የተቀመጠችው እህታችሁም ጭንቅላት አላት፤ ለሷም ግዙላት።

ስለ ጫትም ሳልናገር አላልፍም። ምርቃና እንቅልፍን ያባርራል እንጂ ድካምን አያባርርም፤ ደፋር ያደርጋል እንጂ ጎበዝ ነጂ አያደርግም። መጠጥማ ጭራሽ አይታሰብ።

አደጋ ካያችሁ፦
👉 የተጎዳውን ጎትታችሁ አታንሡ፤ አንገቱና ወገቡ ሳይነቃነቅ ይቆይ።
👉 መተንፈስ ካልከለከለው በቀር ሄልሜቱን አታውልቁ።
👉 የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ውሃ አታጠጡት።
👉 ጭንቅላቱን ተመቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በኋላ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀላፋው ወይም ራስ ምታቱ የሚብስበት ከሆነ ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት አትፍጁ።

ወላጆችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለልጃችሁ ሞተር ስትገዙ ብሩን በሙሉ ለሞተሩ አትጨርሱት። ደህና ሄልሜት፣ ጓንትና ጥቂት ሳምንት ልምምድ የዋጋው አካል ናቸው። እነዚህን መግዛት ካልተቻለ ሞተሩ ራሱ ገና አልተቻለም ማለት ነው።

ሞተር ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም መንገድ፣ ጤና ይብዛላችሁ!