የሚሸተው ውሻው ነው?

«ውሻ ይሸታል» ይባላል። ልክ ነው፣ ይሸታል። እኔን የሚያከራክረኝ ሽታው የማን ነው የሚለው ነው።

እስቲ አዋሽ ሰባት ኪሎም ይሁን ሰመራ፣ አንዱ ግቢ በር ላይ ቆም በሉ። ጥግ ላይ አንድ ውሻ በአጭር ሰንሰለት ታስሯል። የሚተኛው እዚያው፣ የሚበላው እዚያው፣ የሚጸዳዳውም እዚያው። ትናንት የተወረወረለትን የፍየል አንጀት ዝንብ ወሮታል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፏል። ባለቤቱ ታዲያ አፍንጫውን ይዞ «ኤጭ! ይሄ ውሻ ገማ» ይላል። ጌታዬ፣ እርስዎስ እዚያ ሦስት ቀን ቢታሰሩ ዕጣን ዕጣን ሊሉ ኖሯል?

ውሻ እንደኛ ገላው ሁሉ አያልበውም። የሚያልበው መዳፉ ሥር ነው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። የሚሸተው ያልተጠረገው መኝታው፣ የመገለው ጆሮው፣ የበሰበሰው ጥርሱ፣ ከመዥገርና ከቁንጫ የተነሳ እያከከ ያቆሰለው ቆዳው ነው።

ሆሜር ይህን ያውቅ ነበር። «ኦዲሴይ» ውስጥ ጌታው ከ20 ዓመት በኋላ ሲመለስ አርጎስ የተባለው ውሻ በር ላይ፣ ፍግ ክምር ላይ፣ ተባይ ወሮት ተጋድሟል። ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁሌ የሚያነሱልኝ የውሻውን ታማኝነት ነበር። እረኛው ግን ጥፋቱን በቤቱ አገልጋዮች ላይ ነው የሚጥለው፤ ጌታ ሲጠፋ ሥራቸውን ይተዋሉ ብሎ። የኛው ጌታ ግን የትም አልጠፋ፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል።

«ለሰው ያልደረሰ ውሃ ለውሻ?» የሚለኝ አይጠፋም። በዚያ ቆላ ጀሪካን ተሸክሞ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን በየሳምንቱ ይታጠብ ማን አለ? ቶሎ ቶሎ ማጠብማ ቆዳውን ያደርቀዋል። በወር፣ በሁለት ወር አንዴ ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ፀጉሩን በብሩሽ ማበጠር፣ ኩሱን መጥረግ፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ማስጣት ውሃ አይጠይቅም፤ ፀሐይ ደግሞ ሰመራ ላይ ተወዶ አያውቅም። አዋሽ ወንዝ ወስዳችሁ አትንከሩት እንጂ፤ አዞ አለ።

መዥገር በዛ ብሎ ላምባ የሚቀባውን፣ ይባስ ብሎ ለጥጥ ተባይ የተገዛ መድኃኒት የሚያፈስበትን ደግሞ ምን ልበለው? ውሻ ገላውን ይልሳል። የተቀባውን ሁሉ ይውጠዋል ማለት ነው።

ሃይማኖትንም ሰበብ ሲያደርጉ ሰምቻለሁ። እርግጥ ነው፣ በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ክርስቲያኑም ውሻ ቤተ ክርስቲያን ዝር እንዲል አይፈቅድም። ነገር ግን ውሃ የጠማውን ውሻ በጫማው ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት የሚተርከውም ያው የነቢዩ ሐዲስ ነው። ዕቃህን እጠብ ተባለ እንጂ ውሻህን አበስብስ አልተባለም።

ነገሩ ከአፍንጫ በላይ ነው። ውሻውን ለመንካት የሚጸየፍ ሰው ቁስሉን አያይም፤ ጠባዩ ሲለወጥ አያስተውልም፤ ይዞትም ለክትባት አይሄድም። በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ለሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ያ ሰንሰለት የተበጠሰ ቀን የሚነከሰው የጎረቤት ልጅ ነው። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ መታጠብ አለበት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ያኔ፣ ለውሻው የታጣው ውሃ የግድ ይፈለጋል።