ዘፈኑ አለ፣ ማጫወቻው ግን ተቀይሯል

ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ፣ ኤርፎን ሰክታችሁ፣ ዘፈን ልትከፍቱ ስትሉ ማጫወቻው ሌላ ሆኗል። ማታ ዋይፋይ ሲያገኝ ራሱን አፕዴት አድርጎ የለመዳችኋትን ነገር አጥፍቷታል። ያናድዳል!

ነገሩ አዲስ አይደለም። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ተጭኖ ይመጣ የነበረው ጉግል ፕሌይ ሙዚቃ ሚሞሪ ላይ ያለ ዘፈን ያለ ኢንተርኔት ያጫውት ነበር። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተዘጋ፤ ተተኪው ዩቲዩብ ሙዚቃ ሆነ። እዚያ በነፃ ኦንላይን የምትሰሙ ከሆነ ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑም ይቆማል። እንዳይቆም ከፈለጋችሁ ክፈሉ ነው ነገሩ።

ለምን? ሚሞሪ ላይ ያለ ዘፈን ለኩባንያው ገቢ አያመጣም። ኦንላይን የሚሰማው ግን ማስታወቂያና ወርሃዊ ክፍያ አለው። ለእኛ ደግሞ ዳታ ማለት ብር ነው።

ምን ይሻላል? ፕሌይስቶር ገብታችሁ የምትወዱትን ማጫወቻ ብቻ ነጥላችሁ አውቶ አፕዴቱን አጥፉ። የባንክና የቴሌብር አፖችን ግን አትንኩ፤ የደህንነት ማስተካከያ የሚመጣው በአፕዴት ነው። ዘፈናችሁንም ሚሞሪ ላይ አኑሩ። ማጫወቻው ቢቀየር እንኳ ቪኤልሲን የመሰለ ነፃና ማስታወቂያ የሌለው አፕ ይከፍተዋል።

አፑ የእነሱ ነው፤ ፋይሉ ግን የእናንተ ነው።