መቶ ፐርሰንት ያለው ማን ነው?

በቴሌግራም ገበያዎች ላይ ያገለገለ ስልክ ሲሸጥ ከስልኩ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው ነገር ተቀይሯል። ድሮ «ንጹሕ፣ ጭረት የሌለው» ይባል ነበር። አሁን የባትሪውን ጤንነት ለማሳየት «ባትሪ 87»፣ «ባትሪ 92»፣ አንዳንዴም ጎላ ተደርጎ «ባትሪ 100» ይባላል። ገዥውም ገና ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውም ከፍ ይላል። በጥገና ሱቆች ደግሞ ስክሪን ከመቀየርና ሶፍትዌር ከመጫን ተርታ «ካሊብሬት ማድረግ» የሚባል አገልግሎት ገብቷል። ባትሪ ቶሎ አለቀብኝ ብሎ የመጣ ሰው ስልኩን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ከፍሎ ይወጣል፤ ባትሪው የታደሰለትም ይመስለዋል። ሰው የሚከፍለው ለቁጥር ሆኗል። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚያስረዳው እምብዛም የለም።

ይህን የማነሣው ጉዳዩ የስልክ ወዳጆች ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ተደርጓል፤ «30 ፐርሰንት አለው» ብሎ የተሰለፈ አሽከርካሪ ተራው ሲደርስ ስልኩ ድርግም ቢልበት ከነመኪናው ዳር መቆሙ ነው። ዓረብ አገር ካለች ልጇ ጥሪ የምትጠባበቅ እናትም የምታምነው ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲዋሽ የሚጎዳው ይሄ ሁሉ ሰው ነው።

ሻጩ ከሚጠራው የጤንነት ቁጥር ሌላ በስልካችን ጥግ የምናየው የቀረ ኃይል ፐርሰንት አለ፤ እሱም ግምት ነው። ባትሪ ውስጥ የቀረውን ኃይል ገልጦ አይቶ የሚቆጥር መሣሪያ የለም። ስልኩ ውስጥ ያለ ትንሽ ቺፕ ሁለት ነገሮችን ይከታተላል፤ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ እንዲሁም ወደ ባትሪው የገባውንና ከባትሪው የወጣውን ከረንት። የሊቲየም-አዮን ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በአዳዲስ ስልኮች እስከ 4.4 የሚሄድም አለ። ሲያልቅ ወደ 3 ቮልት ግድም ይወርዳል። ችግሩ መሐሉ ላይ ነው። ባትሪው ከሙሉነቱ ጥቂት ጎደል ካለ በኋላ ቮልቴጁ ለረጅም ሰዓት የሚለወጠው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ፣ የቀረው 60 ይሁን 45 በቮልቴጅ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ቺፑ ይህን የሚሞላው በቆጠራ ነው። ቆጠራው ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይስታል። ስልኩን ሁልጊዜ ከ40 እስከ 80 ብቻ የሚያመላልስ ሰው ከሆነ ስሕተቱ የሚታረምበት ጫፍ ላይ ሳይደርስ ወራት ያልፋሉ። ባትሪው ራሱም በዚህ መሐል እያረጀ፣ የሚይዘው መጠን እያነሰ ይሄዳል፤ ቺፑ የሚያውቀው ግን የዱሮውን መጠን ሊሆን ይችላል።

ካሊብሬት ማድረግ ማለት እንግዲህ ይህንን ቆጠራ ማረም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ያደርገዋል። ስልኩ ራሱን እስኪያጠፋ ድረስ ይጠቀሙበታል፣ ከዚያ ሳያቋርጡ እስከ 100 ይሞሉታል፣ ከሞላም በኋላ ጥቂት ጊዜ ቻርጀሩ ላይ ያቆዩታል። ቺፑ ታችኛውንና ላይኛውን ጫፍ በአንድ ዙር ስላየ ቁጥሩን እንደገና ያስተካክላል። ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ቁናው ቢስተካከል ጤፉ አይበዛም፤ ሰፋሪው ግን ያለውን በትክክል ያውቃል።

ይህም ቢሆን ጥቅም የለውም አልልም። ስልክዎ 25 እያለ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም 100 ላይ ለሰዓታት ቆሞ በኋላ የሚንሸራተት ከሆነ አንድ ጊዜ ካሊብሬት ማድረጉ ተገቢ ነው። አድርገውት ያው ከሆነ ግን ነገሩ ከቆጠራ አልፏል። ያረጀ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ካሜራ ሲከፈት ወይም ጥሪ ሲደረግ ስልኩ ብዙ ኃይል በአንዴ ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወድቅና ስልኩ ይዘጋል። ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ ባትሪ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ባዶ እያደረጉ መሙላት ደግሞ ጉዳት አለው፤ የሊቲየም ባትሪን ከሚያስረጁት ነገሮች አንዱ እስከ መጨረሻው ማሟጠጥ ነው። ባትሪ ይቆይልኛል ብሎ በየሳምንቱ ካሊብሬት የሚያደርግ ሰው ዕድሜውን በገዛ እጁ እያሳጠረ ነው።

መብራት በሚቆራረጥባቸው ሰፈሮች ያለው ነገር በተለይ ያሳስበኛል። እዚያ ስልክ የሚሞላው መብራት ሲኖር ነው። መብራት ሲጠፋ እስከ ዜሮ ይሟጠጣል፣ ሲመጣ ሌሊቱን እስከ 100 ይሞላል። እንዲህ የሚጠቀም ሰው ሳያውቀው በየጊዜው ካሊብሬት እያደረገ ነው፤ የቁጥሩ ስሕተት ሊኖርበት የሚችለው ከሌላው ባነሰ ነው። ባትሪ ደከመብኝ ብሎ ወደ ሱቅ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ይኸው ሰው ነው። ባትሪው በእርግጥም ደክሟል። ካሊብሬት ተደረገልህ ተብሎ ገንዘብ ሲቀበሉት አስቀድሞ ያለውን ነገር ሸጠውለታል።

ባትሪን አሟጦ የመሙላት ልማድ የመጣው ከቀድሞዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ነው። እነዚያ «የማስታወስ ችግር» ስለነበረባቸው ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ ይመከር ነበር፤ ኖኪያ 3310 ራሱ ሲወጣ በኒኬል ባትሪ ነበር። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ይሞላ» የሚለው ምክርም የዚያ ዘመን ነው። ሶኒ የመጀመሪያውን የሊቲየም-አዮን ባትሪ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ ይህን ዓይነቱን ባትሪ ላስገኘው ሥራቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ባትሪው ከተቀየረ ዘመን አልፏል፣ ምክሩ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ቀጥሏል።

በአንድሮይድ በኩል ደግሞ አንዲት ቁልፍ ተጭነው ባትሪ «ካሊብሬት» የሚያደርጉ አፖች ለዓመታት ሲወርዱ ኖረዋል። ብዙዎቹ የሚያደርጉት የባትሪ አጠቃቀም መዝገብ የሚቀመጥበትን ፋይል መሰረዝ ነበር። ከጉግል የአንድሮይድ መሐንዲሶች አንዷ የሆነችው ዳያን ሃክቦርን እ.ኤ.አ. በ2012 ነገሩን ግልጽ አድርጋዋለች፤ ፋይሉ የትኛው አፕ ምን ያህል ኃይል እንደበላ ለማሳየት ብቻ የሚያገለግል ነው፣ ከሚታየው ፐርሰንትም ሆነ ከባትሪው ቆይታ ጋር አይገናኝም። ስልኩ በደንብ ሞልቶ ከቻርጀር ሲነቀል ሥርዓቱ ራሱ ያጸዳዋል። ይህ ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያደረገው ነው። አይፎን 11፣ 11 ፕሮና 11 ፕሮ ማክስ ላይ የባትሪ ጤንነት ቁጥር የተሳሳተ ሆኖባቸው የሚቸገሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ ኩባንያው በአይኦኤስ 14.5 ካሊብሬት የማድረጊያ ሥርዓት አስገባ። ሥራው የሚጠናቀቀው በተለመደው አጠቃቀም ውስጥ በሳምንታት እንደሆነ፣ የቁጥሩ መሳሳትም የባትሪው መበላሸት ማለት እንዳልሆነ አብሮ አስታወቀ። ካሊብሬት ማድረጉ ያልተሳካላቸውን ስልኮች በነጻ ባትሪ ቀየረላቸው። ስልኩን የሠራው ኩባንያ እንኳ ቁጥሩን ሲያስተካክል ባትሪ ጨመርኩ አላለም።

መገናኛ አካባቢ አንድ ጠባብ የጥገና ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ነጠላ ያደረጉ እናት ጀርባው የሚከፈት ርካሽ ስማርትፎን ለወጣቱ ሰጡትና «ልጄ፣ ካሊብሬት ይደረግ ብለውኛል፣ እስቲ እየው» አሉት። ክዳኑን በጥፍሩ ከፈተ፣ ባትሪውን አወጣና በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ጫፉን በጣቱ ገፋ አደረገው። ባትሪው በሆዱ ተሽከረከረ። ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ተንሸራቶ ይቆም ነበር። «ማዘር፣ ይዩት፣ አብጧል» አላቸው። «ካሊብሬት ላድርግልዎት ብል ገንዘብዎን መብላት ነው። ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ባይዙት ይሻላል፣ ቻርጅ ላይ ሰክተውም እንዳይተኙ።» ሴትየዋ ዋጋ ጠየቁ፣ የአዲሱን ባትሪ ነገራቸው። ለማየቱ ምንም አልተቀበላቸውም። እንዲህ ያለ ባለሙያ አለን፤ ከጎኑ ያለው ሱቅ ግን ያንኑ ባትሪ ሰክቶ ነቅሎ ሊያስከፍል እንደሚችል እናውቃለን። ደንበኛው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ትዝብቴም እዚህ ላይ ነው።

በአይፎን ገበያ ነገሩ ከዚህ የከፋ መልክ ይዟል። የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየው መረጃ የተጻፈው በባትሪው ላይ ባለ ትንሽ ሰርኪዩት ነው፤ ያንን መረጃ አውጥቶ እንደገና የሚጽፍ መሣሪያ ደግሞ በዓለም የጥገና ገበያ ላይ በግልጽ ይሸጣል። ያረጀ ወይም ጥራቱ ዝቅ ያለ ባትሪ «100» እንዲል ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ይህ ቁጥርን ማስተካከል አይደለም፣ ማታለል ነው። ገዥው ራሱን የሚጠብቅበት ጥቂት ነገር አለ። ከአይፎን ኤክስኤስና ኤክስአር ጀምሮ ባሉት፣ አይኦኤስ 15.2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከተጫነባቸው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ጀነራል»፣ ቀጥሎ «አባውት» ሲነካ ባትሪው ተቀይሮ ከሆነ የክፍሎች ታሪክ ይወጣል። ከአይፎን 15 ወዲህ ባሉት ደግሞ የተመረተበት ጊዜ፣ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለበት ጊዜና የሙሌቱ ብዛት ይታያል። ሦስት ዓመት ያገለገለ ስልክ «100» ሲል የባትሪውን የምርት ወር ማየት ተገቢ ነው። ቁጥሩ ለሚዋሽበት ስልክ ሁሉ የሚሠራው ፈተና ግን ያው የድሮው ነው፤ ስልኩን ይዞ ቁጭ ማለትና ቪዲዮ ከፍቶ በግማሽ ሰዓት ስንት እንደወረደ ማየት።

የባትሪ ዕድሜ በእርግጥ የሚረዝምበት መንገድ ካሊብሬት ማድረግ ውስጥ የለም። ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። አፕል ለስልኮቹ የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ መጠቀምን ነው፤ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ በመኪና መስታወት ሥር የተቀመጠ ስልክ፣ ሪያድ ውስጥ በበጋ ፀሐይ ላይ የሚሠራ የዕቃ አድራሽ ስልክ ከዚያ በጣም ያልፋል። ትራስ ሥር አስገብቶ ቻርጅ ማድረግም እንደዚያው ነው። ከ20 እስከ 80 መሐል ማቆየት ሲቻል ጥሩ ነው፤ ሲያቅትም በ60 ነቅሎ መሄድ ባትሪውን አይጎዳውም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚቀርብ ስማርትፎን ባትሪ 800 ጊዜ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ቢያንስ የመጀመሪያ አቅሙን 80 በመቶ መያዝ አለበት የሚል ግዴታ ጥሏል። እኛ ጋ የሚሸጠውን ባትሪ በዚህ መልክ የሚመዝን ሕግ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። የሱቅ ባለቤት ግን ደረሰኝ ላይ የባትሪውን ዓይነት፣ ኦርጅናል ይሁን ኮፒ፣ የተቀየረበትን ቀንና የዋስትናውን ጊዜ ለመጻፍ ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም። ካሊብሬት የሚያደርግ ባለሙያም ስልኩን ከመቀበሉ በፊት ለደንበኛው አንድ ነገር ይንገር፤ «ይህ የሚያስተካክለው ቁጥሩን ነው፤ ባትሪው ካረጀ ገንዘብዎን ለአዲሱ ያቆዩት።»