የሰው አገር ጢስ

መቼም እኛ ጓዳችን ያለውን ነገር በጠርሙስ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ካልመጣ አናከብረውም። ይህን የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም።

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ካለ የገጠር መንደር የዘመድ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ከእንግሊዝ የመጣው የእህቴ ልጅ አንድ ጠርሙስ የስኮትላንድ ውስኪ ይዞ ነበር። እንደምናውቀው «ብላክ» ከብዙ ፋብሪካ ተቀላቅሎ የተሠራ አይደለም፤ «ሲንግል ሞልት» ነው፤ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የወጣ። የአንዳንዱ ብቅል ሲደርቅ ፒት በሚሉት፣ ረግረግ ውስጥ ሺህ ዓመታት ተቀብሮ በጠቆረ የዕፅዋት ቅሪት ጢስ ይታጠናል። የእሱኛው በስሱ የታጠነ ነበር።

በየብርጭቆው ጠብ ጠብ ተደረገልን። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ምሁር ዓይኑን ጨፍኖ «ማር... ከዚያ ትንሽ ጢስ...» እያለ ይተነትን ጀመር። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሃያ ዓመት ግጥም ስተነትንበት በኖርኩት አፌ አገዝኩት። ጥሩ ነበር። መጀመሪያ የገብስ ጣፋጭነት፣ በጉሮሮ ሲወርድ ደግሞ የጠፋ ምድጃ ዓይነት ሽታ።

የድግሱን አረቄ ያወጡት እትዬም ቀመሱ። ፊታቸውን አጨማደዱና፣ «ምነው መምህር፣ ይኼማ ጢስ ጢስ ይላል! ድፍድፉ አርሮባቸው ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። እኔም ሳቅኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቅ ነው። እትዬ እኮ የተናገሩት እንደ ባለሙያ ነው! በእሳቸው ሙያ ጢስ የሸተተ አረቄ ያረረ ድፍድፍ ነው። ጢስ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የጠላውን ጋን በወይራ የሚያጥኑት እሳቸው ናቸው። ጢስ የት እንደሚገባ፣ የት እንደማይገባ ያውቃሉ። ዳጉሳውን አብቅለው፣ ከጌሾ ጋር ደፍድፈው፣ አንዴ ያወጡትን እንደገና አውጥተው «ዳግም» ያደርጉታል። ስኮትላንዶችስ? አብዛኛውን ሲንግል ሞልት የሚያወጡት ሁለት ጊዜ ነው። ታዲያ ይኼ ዳግም ካልሆነ ምንድነው?

«ኧረ ተው፣ አረቄ ስንቱን ጎረምሳ አበላሸ!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአረቄ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ። በውስኪም ይፈርሳል። ልዩነቱ ስኮትላንዶች መጠጣቸውን ከጓዳ አውጥተው በሕግ ያዙት። እዚያም ገበሬው ከቀረጥ ሰብሳቢ ተደብቆ በየሸለቆው ያወጣ ነበር። በ1823 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በፈቃድ መሥራትን አዋጭ አደረገለት። ዛሬ «ስኮች» ለመባል በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መተኛት፣ ሲታሸግም የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ አለማነስ አለበት። አውጪው መጀመሪያና መጨረሻ የሚወርደውን ለይቶ መሃሉን ብቻ ይወስዳል። ጠጪውም ምን እንደሚጠጣ ያውቃል።

እትዬስ? መለኪያቸው ክብሪት ነው። ጠብ አድርገው ይለኩሱታል፤ ከነደደ «ደርሷል» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ የማገዶውን ጢስ ሲምጉ ይውሉና በጀሪካን ይሸጡታል። የጠጣው ሰው ስንት እጅ አልኮል እንደገባበት እሱም አያውቅ፣ እሳቸውም አያውቁ።

አረቄ ይወደስ፣ ይንቆርቆር አላልኩም። ይለካ ነው ያልኩት። ለአውጪዎቹ የአልኮል መለኪያ፣ ጢስ የሚቀንስ ምድጃ፣ የመጀመሪያውን ፍሳሽ ለይቶ የመድፋት ትምህርት፣ አቅማቸውን ያገናዘበ ፈቃድ ይሰጣቸው። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ይህን ማስተማር ምን ያቅታቸዋል? ዝም ብለን የናቅነው መጠጥ እንደሆነ መጠጣቱ አልቀረም፤ ያለ ልክ ተጠጣ እንጂ።

ያን ቀን ለእንግዳው ውስኪ ስንት ቃል አወጣን! ለእትዬ አረቄ ግን፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበርኩት ሰውዬ እንኳ፣ «ይገርፋል» ከማለት በቀር አንድ ቃል አላገኘሁም።