ሦስት አምስተኛ ከየት መጣ?



ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ማዕቀፍ አንድ መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል ይጠበቅበታል። በመምህራን አነጋገር «ተሙማ» ይባላል። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ ፋይል አደራጅቶ ለሱፐርቫይዘር ከማሳየት አላለፈም። ስለሆነም በጎንደር ማራኪ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለሂሳብ መምህራን ሥልጠና ስንጠራ፣ ከመካከላችን የሚታረም የፈተና ወረቀት ይዞ የመጣ አልጠፋም።

አሠልጣኙ ንግግር አላበዙም። ከአንድ ተማሪ ደብተር ላይ ያገኙትን በሰሌዳው ጻፉት፦ 1/2 + 2/3 = 3/5።

«ይህ ልጅ ምን አስቦ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

መልሳችን የተለመደው ነበር፤ «ከታች ሲመጣ መሠረት አልያዘም።» እሳቸው ግን ጥያቄውን ደገሙት። ከዝምታ በኋላ አንዲት የሰባተኛ ክፍል መምህርት፣ «ማርክ እየደመረ ይሆናል» አለች። እውነትም! ከሁለት ጥያቄ አንድ፣ ከሦስት ጥያቄ ሁለት ያገኘ ተማሪ በድምሩ ከአምስት ሦስት አግኝቷል። እኛው መምህራን ውጤት ስንሞላ ዘወትር የምንሠራውን ነው ልጁ የሠራው። ክፍልፋይ የአንድ ሙሉ ነገር ድርሻ መሆኑን ግን ማንም በእጁ አላስያዘውም። ቀይ ኤክስ ይህን አያስረዳውም። ግማሽ እንጀራ ላይ የሌላ እንጀራ ሁለት ሦስተኛ ጨምሮ ቢያይ ድምሩ ከአንድ እንጀራ እንደሚበልጥ ራሱ ይደርስበታል። 3/5 እኮ ከ2/3 እንኳ ያንሳል፤ ተጨምሮበት እንዴት ይቀንሳል?

በጃፓን መምህራን አንድን ትምህርት አብረው አቅደው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተማሪውን እያዩ የሚመረምሩበት ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በጃይካ ድጋፍ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሂሳብና ሳይንስ ትምህርት ማጠናከሪያ ፕሮጀክትም ማቀድን፣ መተግበርን፣ ማየትንና ማሻሻልን አንድ ላይ ያስተምር ነበር። ከአራቱ የሚከብደው ማየቱ ነው። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ፣ የማንን ደብተር ታያለህ? ለዚህ አሠልጣኙም በቂ መልስ አልነበራቸው።

ከመድረሳ ለመጣን ሰዎች ግን እነዚያ ሁለት ክፍልፋዮች እንግዳ አልነበሩም። በፈራኢድ ትምህርት፣ ልጅም አባትም የሌላት ሴት ባሏንና ሁለት የእናት የአባቷን ልጅ እህቶች ትታ ብትሞት፣ የባል ድርሻ 1/2፣ የእህቶቹ 2/3 ነው። ድምሩ 7/6 ይመጣል፤ ከተተወው ሀብት በላይ! ጉዳዩ በዑመር (ረ.ዐ.) የኸሊፋነት ዘመን ቀርቦ፣ ሀብቱ በስድስት መከፈሉ ቀርቶ በሰባት እንዲከፈል ተደረገ። ለባል 3፣ ለእህቶቹ 4 ደረሳቸው። «ዐውል» የሚባለው ይህ ነው፤ ምንም እንኳ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ኋላ የተለየ አስተያየት ቢኖራቸውም። አልኸዋሪዝሚም በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በአልጀብራ መጽሐፋቸው ሰፊ ክፍል የሰጡት ለውርስና ለኑዛዜ ስሌት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ከኡስታዟ ፊት ሚራስ አስተካክላ የምታካፍል ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ «ሂሳብ አይሆነኝም» ማለቷ ነው። ሁለቱ አንድ ዕውቀት መሆናቸውን የሚነግራት አጥታለች። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ጭራሹን ዝም ትላለች፤ ቤተሰብም «ሂሳብ ተሰጥኦ ይፈልጋል» ብሎ ይተዋታል።

ለቀጣዩ ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ የተሳሳተ መልስ ከነደብተሩ እንድናመጣ ተነግሮናል። እኛ የያዝነው 0.12 ከ0.5 ይበልጣል ያለችውን ተማሪ ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ደብተር አይጠፋምና፣ ልጁን ሳትቆጡ «እንዴት አሰብከው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያለውንም እንዳለ ጽፋችሁ ለመምህሩ ላኩለት።